በደጋው አናሳብብ

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,450 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። የቤንዚን መኪና ሚኒሞው ሲዋዥቅ፣ ነዳጅ በላ ሲባል ወይም የቼክ ኢንጅን መብራት በርቶ አልጠፋ ሲል፣ በጋራዥ አካባቢ ቶሎ አፍ ላይ የሚመጣው ምክንያት «አየሩ ነው፤ ደጋ ነው» የሚል ነው። ይህ ምክንያት በአንድ ወቅት እውነት ነበር፤ ዛሬ ግን ብዙ ብልሽት ከኋላው ይደበቃል። ነገሩን ለመመርመር ሁለት ተነጋጋሪዎችን ፊት ለፊት አስቀምጫለሁ። አንደኛው በካርቡራተር ዘመን ሙያቸውን የያዙ አንጋፋ ሜካኒክ ናቸው፤ ሁለተኛው ወጣት የአውቶ ሜካኒክስ መምህር ነው። ሰዎቹ የተፈጠሩ ቢሆኑም ክርክራቸው በየጋራዡ ያለ ክርክር ነው።

ሜካኒኩ፦ ልጄ፣ እናንተ ስካነር ይዛችሁ መጥታችሁ ደጋውን ነፃ ልታወጡት ነው። የኛ ትምህርት ካርቡራተር ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ ልኩን የያዘ ካርቡራተር ጎጃም ሲወጣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ ቤንዚን ይጠጣል። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ ጂግለሩን ቀዳዳው በጠበበ መለወጥና ሚኒሞውን እንደገና ማስተካከል። ይህን የምናውቀው በእጃችን ነው። አየሩ ያው አየር፣ ቤንዚኑም ያው ቤንዚን ነው። ሞተሩ ኮምፒውተር ስለተገጠመለት ደጋው ቆላ አይሆንለትም። እንግዲህ ስካነሩ ላይ የነዳጅ ትሪሙ ጨምሮ ባየሁ ጊዜ «ከፍታው ነው» ብል ምኑ ላይ ተሳሳትሁ?

መምህሩ፦ ጋሼ፣ ስለ ካርቡራተሩ የተናገሩት አንድም የሚጣል የለውም። ግን ምክንያቱን ስናየው ለዛሬው መኪና እንደማይሠራ ራሱ ይነግረናል። በባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊቱ 101 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው፤ ደብረ ማርቆስ ላይ 75 ገደማ ይሆናል። አንድ ሊትር አየር ክብደቱ ሩብ ያህል ቀነሰ ማለት ነው። ካርቡራተር አየር አይመዝንም፤ አየሩ በጠባቡ አንገት ሲያልፍ በሚፈጥረው መሳብ ቤንዚኑን ከጂግለሩ ይጎትታል። አየሩ ሲሳሳ መሳቡም ይደክማል፤ ሆኖም ቤንዚኑ የአየሩን ያህል አይቀንስም፤ ከልኩ ከ12 እስከ 16 በመቶ ያህል ትርፍ ይገባል። ያ ጥቁር ጭስ ከዚህ የመጣ ነው። ኢንጀክሽን ያለው ሞተር ግን ቤንዚን ከመርጨቱ በፊት አየሩን ይለካል። ብዙዎቹ መኪኖች ከአየር ፊልትሮው ቀጥሎ የጋለ ቀጭን ሽቦ ያለው ሴንሰር አላቸው። የሚያልፈው አየር ሽቦውን ያቀዘቅዘዋል፤ ሽቦውን እንደጋለ ለማቆየት ከሚፈጀው ኤሌክትሪክ በሰከንድ ስንት ግራም አየር እንደገባ ይታወቃል። የሚለካው እንግዲህ ክብደት ነው። ኮምፒውተሩም ለ14.7 ግራም አየር 1 ግራም ቤንዚን ያዛል፤ አየሩ በሩብ ቢቀንስ ቤንዚኑም በሩብ ይቀንሳል። ደጋው ከሞተሩ ሩብ ያህል ጉልበት ይወስድበታል፤ ይህን አልክድም፤ የአየርና የቤንዚኑን ድብልቅ ግን አያዛባም።

ትሪም የሚባለው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ኮምፒውተሩ አየሩን ለክቶ፣ ቤንዚኑን አስልቶ፣ ካስረጨ በኋላ ስሌቱ ልክ መሆኑን በጭስ ማውጫው ላይ ባለው ኦክስጅን ሴንሰር ይጠይቃል። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1976 ቦሽ በሠራው ሴንሰር በቮልቮ መኪና ላይ ተጀምሮ ወደ ሌሎቹ የተስፋፋ ነው። በጭሱ ውስጥ ኦክስጅን ከተረፈ ቤንዚን አንሷል፤ ኮምፒውተሩ ይጨምራል። ኦክስጅን ከጠፋ ቤንዚን በዝቷል፤ ይቀንሳል። ቅጽበታዊው እርማት የአጭር ጊዜ ትሪም ነው። ያው እርማት ሲደጋገም ኮምፒውተሩ በቋሚነት ይይዘዋል፤ ያ የረጅም ጊዜ ትሪም ነው። ሁለቱን ደምረን እስከ 5 በመቶ መደመር ወይም መቀነስ ካየን ጤና ነው፤ እስከ 10ም ለቆየ መኪና ይታለፋል። ከ20 ሲያልፍ ግን ኮምፒውተሩ ሊያርም የሚችለው ዳር ላይ እየደረሰ ነው፤ በብዙ መኪና ላይ ፒ0171 ወይም ፒ0172 የሚባለው ኮድ የሚመዘገበው እዚያ አካባቢ ነው። ከፍታው ገና በመለኪያው ላይ ተቆጥሮ አልፏል። በትሪሙ ላይ የሚቀረው መለኪያው ያላወቀው ነገር ብቻ ነው።

ሜካኒኩ፦ ይህ በሰሌዳ ላይ ያምራል። ሥራው ላይ ስንመጣ ግን ደንበኛው መብራቱ እንዲጠፋለት ነው የሚመጣው። ኮምፒውተሩ ራሱ እያረመ ከሆነ እኛ ምን አደከመን? ባትሪውን ፈትተን ደቂቃ አቆይተን ብንገጥመው መብራቱ ይጠፋል፤ ሰውዬውም ደስ ብሎት ይሄዳል። ደግሞ 18 በመቶ ጨመረ ሲባል ሰው ይደነግጣል፤ 18 በመቶ ቤንዚን በከንቱ እየነደደ ይመስለዋል።

መምህሩ፦ ባትሪ መፍታት ምስክሩን ከችሎት ማስወጣት ነው። መብራቱ ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ ኮምፒውተሩ ለሳምንታት ያጠራቀመው የረጅም ጊዜ ትሪምም አብሮ ይሰረዛል። ብልሽቱ እንዳለ ስለሆነ ቁጥሩ ቀስ እያለ ይመለሳል፤ በመካከል ግን መርማሪው ባዶ ገጽ ነው የሚያገኘው። ስለ 18 በመቶው ያሉት ደግሞ ትልቅ ነጥብ ነው፤ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። ትሪም 18 ስለሆነ 18 በመቶ ቤንዚን ባከነ ማለት አይደለም። ሳይለካ ሾልኮ የገባ አየር ካለ፣ ቤንዚኑ የተጨመረው ለእውነተኛ አየር ነው፤ ድብልቁ ልክ ሆኖ ይነድዳል። የቤንዚን ፖምፓው ደክሞ ከሆነ ኢንጀክተሩ ረዘም ላለ ጊዜ ይከፈታል እንጂ የሚወጣው ቤንዚን ያው ነው። ግን ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት ያለው የጭስ ማውጫ ቱቦ ተሰንጥቆ ወይም ጓርኒሲዮኑ ተበልቶ የውጪ አየር የሚስብ ከሆነ፣ ሴንሰሩ የማይገባውን ኦክስጅን ያያል፤ ኮምፒውተሩም ቤንዚን አነሰ ብሎ በሌለ ጉድለት ላይ ይጨምራል። ያን ጊዜ ብክነቱ እውነተኛ ነው። ከዋናው አስፋልት ወጥተው በየወረዳው ጠጠር መንገድ የሚመላለሱ መኪኖች ላይ ይህ ሩቅ ብልሽት አይደለም። መለያውም ተቃርኖው ነው፤ ስካነሩ ቤንዚን አነሰ ይላል፣ ካንዴላው ሲፈታ ግን ጥቁር ነው። በመጋጠሚያው ላይ የጥላሸት ፈለግ ይታያል። ባትሪ የፈታ ሰው ይህን ሁሉ ሳያይ መኪናውን ያሰናብታል።

ሜካኒኩ፦ እሺ፣ ባትሪ አልፈታሁም እንበል። 18 የሚል ቁጥር ስካነሩ ላይ አለ። አንድ ቁጥር ብዙ ብልሽት ካመለከተ ምን አስተማረኝ? አንተ ራስህ አሁን ሦስት ምክንያት ቆጠርክልኝ።

መምህሩ፦ አንድ ቁጥር ብቻውን አያስተምርም፤ እዚህ ላይ ልክ ነዎት። ቁጥሩ የሚናገረው ሞተሩን በተለያየ ሁኔታ ስናየው ነው። አንድ 1,500 ሲሲ ሞተር በደንብ ሞቆ፣ ኤሲና መብራት ጠፍቶ በሚኒሞ ይሥራ። ሴንሰሩ በሰከንድ 2 ግራም ያህል አየር ይለካል እንበል፤ ድምር ትሪሙ መደመር 18 ነው። ጥፋቱ ሾልኮ የገባ አየር ከሆነ፣ በሰከንድ 0.36 ግራም አየር ሳይለካ ይገባል ማለት ነው። አሁን ቆሞ እንዳለ 2,500 ዙር ላይ እንያዘው። የተለካው አየር ወደ 9 ግራም ያድጋል። በማኒፎልዱ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጪው ግማሽ በታች እስከሆነ ድረስ በስንጥቁ የሚገባው አየር በውጪው ግፊት ነው የሚወሰነው፤ ሞተሩ ስለፈጠነ አይጨምርም። ስለዚህ ያው 0.36 ግራም ለ9 ግራም ሲካፈል 4 በመቶ ይሆናል። ስካነሩ ላይ ከ18 ወደ 4 ሲወርድ ካየን ወሬው አልቋል፤ አየር ያለ መለኪያ እየገባ ነው። እጃችን የሚሄደው ወደ ጎማ ቱቦዎቹ ነው። በተለይ ከስሮትሉ በኋላ ማኒፎልዱ ላይ የሚገጠመው ጎማ ላይ ላዩን ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል፤ ጎንበስ ብለው ጎማውን በሁለት እጅ ሲዘረጉት ግን በሆዱ በኩል፣ በእጥፋቱ ውስጥ፣ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፈታል። በናስትሮ ለጊዜው ሲጠቀለል የአጭር ጊዜ ትሪሙ ወዲያው ወደ ታች ይወድቃል። የረጅሙ ቀስ ብሎ ይከተላል።

አሁን ወደ ደጋው ልመለስ፤ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝምና። ያንኑ መኪና ጎማው እንደተሰነጠቀ ወደ አባይ በረሃ እናውርደው። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆነው መንገድ መካከል የአባይ ድልድይ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ግፊቱ እዚያ ወደ 89 ኪሎ ፓስካል ይወጣል። የውጪው ግፊት ስለበረታ በስንጥቁ የሚገባው አየር ይጨምራል፤ በሚኒሞ የነበረው 18 ቆላ ላይ ወደ 20 ከፍ ማለት ይገባዋል። ጥፋቱ የደጋው ቢሆን ኖሮ ስንወርድ በቀነሰ ነበር። በደጋው ያሳበብነው ብልሽት በረሃ ሲወርድ ይብስበታል።

ሜካኒኩ፦ ይህን ልቀበልህ። ግን ያ የጋለ ሽቦ የሌላቸው መኪኖች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከተሠሩት ኮሮላዎች ብዙዎቹ አየሩን አይመዝኑም፤ በማኒፎልዱ ውስጥ ያለውን ግፊት አይተው ነው የሚገምቱት። በእነሱ ላይ ጎማ ቢሰነጠቅ ትሪሙ ብዙም አይነቃነቅም፤ ሚኒሞው ነው ከፍ የሚለው። ሾልኮ የገባው አየርም ግፊት ሆኖ ይቆጠራላ። ያንተ ስሌት እዚያ ይሰናከላል።

መምህሩ፦ ይሰናከላል፤ ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። ለዚህም ነው ስካነሩ ከመሰካቱ በፊት የሞተሩ ዓይነት መታወቅ ያለበት። እንዲያውም ለደጋው አንድ ጥብቅና ልቁምለት፤ ከፍታ ትሪምን በእውነት የሚነካው በእነዚህ ሞተሮች ላይ ነው። ውጪው ግፊት ሲቀንስ ጭሱ ሲወጣ የሚገፋው አየር ይቀልለታል፤ ስለዚህ በማኒፎልዱ ውስጥ ያው ግፊት ቢነበብም ሲሊንደሩ ትንሽ ትርፍ አየር ይወስዳል። ኮምፒውተሩ ይህን ለማካካስ የውጪውን ግፊት ማወቅ አለበት፤ አንዳንዶቹ የሚያውቁት ቁልፍ ሲከፈት ሞተሩ ሳይነሣ በሚያነቡት ነው። እንግዲህ ድልድዩ አጠገብ ሞተር አስነሥቶ ሳያጠፋ ደጀን ድረስ የወጣ መኪና በአእምሮው የያዘው የበረሃውን 89 ነው፤ ትሪሙም ጥቂት በመቶ ሊዛወር ይችላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ደጀን ላይ አጥፍቶ መልሶ ማስነሣት። ቁጥሩ ወደ ቦታው ከተመለሰ ደጋው ነበር። ካልተመለሰ ደግሞ ደጋው አልነበረም። ጥቂት በመቶ ነው የምለው ግን፤ 18ን የሚሸከም ምክንያት ከዚህ አይወጣም።

ሜካኒኩ፦ ቤንዚኑስ? ማደያ ሲደርቅ ሰው የሚቀዳው በጀሪካንና በሃይላንድ ከሚቸረቸረው ነው። ነጭ ጋዝ ይኑርበት፣ ውሃ ይኑርበት የሚያውቅ የለም። ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ቤንዚኑ ሲበላሽ ትሪሙ ቢዛባ ጎማ ፍለጋ ብንሰነብት ትርፉ ድካም ነው።

መምህሩ፦ ቤንዚን ትሪምን ይነካል፤ ምን ያህል እንደሚነካ ግን ይታወቃል። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከአባይ ማዶ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚመጣ ኢታኖል 5 በመቶ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀምሮ፣ ኋላ ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። ኢታኖል በውስጡ ኦክስጅን ስላለው ልኩን ለመያዝ ተጨማሪ ነዳጅ ይፈልጋል፤ 10 በመቶው ትሪሙን በ3 ወይም በ4 ነው የሚያነሣው። ይህ በሚኒሞም በ2,500 ዙርም ተመሳሳይ ሆኖ ይታያል፤ እንደ ጎማው ስንጥቅ አይወርድም። ነጭ ጋዝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ትሪም ደካማ ምስክር መሆኑን መናገር አለብኝ። ነጭ ጋዝ ሞተሩ ሲሞቅ ከቤንዚን በማይርቅ ልክ ይነድዳል፤ የሚጎዳው ኦክቴኑን ነው፤ ኦክስጅን ሴንሰር ደግሞ ኦክቴን አያይም። የሚሰማው በጆሮ ነው፤ ሞተሩ ሲጫን የሚያንኳኳው ድምፅ። ይህም ድምፅ ደብረ ማርቆስ ላይ ሊሸሸግ ይችላል፤ አየሩ ሳስቶ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚቀንስ መጥፎ ቤንዚን እንኳ ሳያንኳኳ ይሠራል። ሰውዬው ደህና ነው ብሎ በረሃ ይወርዳል፤ ከድልድዩ ሽቅብ ሲጀምር፣ በሙቀቱና በ89 ኪሎ ፓስካል፣ ነዳጁን እስከ ወለል ሲረግጠው ማንኳኳቱ ይመጣል። በዚህ ብቻ ከሆነ ደጋው ብልሽት ይደብቃል ብንል እውነት ነው።

ያው ዳገት ሌላም ነገር ያወጣል። የቤንዚን ፊልትሮ የታፈነ ወይም ፖምፓ የደከመ መኪና በሚኒሞ ትሪሙ ዜሮ አካባቢ ሊሆን ይችላል፤ የሚያስፈልገው ቤንዚን ትንሽ ነውና። ጭነት ሲመጣ ነው 12፣ 15፣ 20 እያለ የሚወጣው። በአቧራ የተሸፈነ የአየር ሴንሰርም እንዲሁ አየሩ ሲበዛ አሳንሶ ይለካል። ነዳጁ እስከ ወለል ሲረገጥ ደግሞ ኮምፒውተሩ ኦክስጅን ሴንሰሩን ማዳመጥ ያቆማል፤ ቀድሞ በተማረው ብቻ ነው የሚሄደው። ስለዚህ «ራሱ ያርመዋል» የሚለው መጽናኛ ሞተሩ እርማት አጥብቆ በሚፈልግበት ሰዓት አይሠራም። ቤንዚን አንሶት ሽቅብ የሚጎተት ሞተር ይግላል፤ ቫልቭና ፒስተን የሚቃጠለውም እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

ሜካኒኩ፦ አሁን ደግሞ ላፕቶፕ ይዘው ቱኒንግ እንሠራለን የሚሉ ወጣቶች መጥተዋል። ጎማ አይፈልጉ፣ ፖምፓ አይፈትሹ፤ በኮምፒውተሩ ውስጥ ገብተው ትሪሙን ዜሮ እናደርገዋለን ይላሉ። እውነት ዜሮ ይሆናል?

መምህሩ፦ ይሆናል፤ አደጋውም እሱ ነው። በሚኒሞ 18 ያለውን ለማጥፋት የአየር መለኪያውን ሠንጠረዥ በ18 በመቶ ከፍ ቢያደርጉት፣ 4 በመቶ ብቻ የሚያስፈልገው የ2,500 ዙሩ ቦታ ከልኩ አልፎ ቤንዚን ይበዛበታል። አንድ ቀን ሌላ ሜካኒክ ጎማውን ሲቀይረው ደግሞ ድብልቁ በሙሉ ይዛባል፤ ያን ጊዜ ጥፋተኛ የሚባለው ጎማውን የቀየረው ነው። ቱኒንግ ቦታ የለውም እያልኩ ግን አይደለም። ሞተሩ ላይ የተገጠመው ዕቃ ኮምፒውተሩ ከሚያውቀው ሲለይ ቱኒንግ ግድ ይላል። ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ የመጣ ያገለገለ ኢንጀክተር የመጀመሪያውን መስሎ በ20 በመቶ የሚበልጥ ቤንዚን የሚያፈስስ ቢሆን፣ ትሪሙ በሚኒሞም በ2,500ም በጭነትም መቀነስ 17 አካባቢ ላይ ይቆማል። ሁሉም ቦታ ላይ እኩል መሆኑ ነው ምልክቱ። ይህን በኮምፒውተሩ ውስጥ የኢንጀክተሩን መጠን ቀይሮ ማረም ተገቢ ነው፤ ትክክለኛውን ኢንጀክተር ማግኘት ከተቻለ ግን እሱ ይቀድማል። አዲስ የቤንዚን መኪና ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ጥር ጀምሮ ስለተከለከለ፣ ያሉን መኪኖች እያረጁ ብዙ ዕቃ ተለዋውጦባቸው ነው የሚኖሩት፤ ስለዚህ የላፕቶፑ ሙያ ያስፈልገናል፤ ፍተሻው ካለቀ በኋላ እንጂ በፍተሻው ፈንታ አይሁን። ጉልበት ለመጨመር ትሪም የሚነካ ካለ ደግሞ አይድከም፤ ደጋው የወሰደውን ሩብ ጉልበት የሚመልስ አየር ነው፤ ያም ቱርቦ ይፈልጋል።

ሜካኒኩ፦ የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ደንበኛ ለንባብ አይከፍልም። «ምን ቀየርክልኝ?» ነው የሚለኝ።

መምህሩ፦ ንባቡ ሞተሩ ከሞቀ ከ10 ደቂቃ አይበልጥም። ያልተበላሸ ሴንሰር፣ ያልተበላሸ ፖምፓ እየተገዛ የሚባክነው ብር ከዚያ ይበልጣል። እኔ የምለው፣ ባትሪ ሳይነካ ሦስቱ ቁጥሮች፣ የሚኒሞው፣ የ2,500ውና የጭነቱ፣ በደረሰኙ ጀርባ ይጻፉ። ጥገናው ሲያልቅ እንደገና ይነበቡና ከጎናቸው ይጻፉ። ከ18 ወደ 3 የወረደ ቁጥር በእጁ የያዘ ደንበኛ ምን ተሠራልኝ ብሎ አይጠይቅም።

ሜካኒኩ፦ ሁለቱ ግቢ ውስጥ ይነበባሉ፤ የጭነቱን የት ላነብ ነው? አባይ በረሃ ወርጄ ከከባድ መኪና ጋር አልጋፋም።

መምህሩ፦ አይውረዱ። ከከተማው ወጣ ብሎ ጭር ያለ ዳገት ይበቃል። በሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጁን ግማሽ ያህል ረግጦ፣ ለ10 ሰከንድ ያህል ሳይለቁ መያዝ ነው፤ እስከ ወለል ከረገጡት ኮምፒውተሩ ሴንሰሩን ስለሚተወው የአጭር ጊዜው ቁጥር ምንም አይነግርዎትም። ስካነሩን ጎን የተቀመጠው ሰው ያንብበው፤ ሹፌሩ መንገዱን ይይ።